የላሟን ስም ማን ጠየቀ?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ጽሑፍ ላኩልኝ። ሦስቱም የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው። አንደኛው ከሥሩ «ደም ግፊትህን ተለክተህ አንብበው» የሚል ጨምሮበታል። አነበብኩት። እንደፈራው አልሆነም። ጽሑፉ ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አማርኛው ያምራል፣ ጥያቄዎቹም የምር ናቸው። መልሶቹ ላይ ነው የማልስማማው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። በከብትና በዶሮ እርባታ ቫይረስን ለመከታተል አዲስ ፋሽን መጥቷል ይላሉ ጸሐፊው። እንስሳውን ትቶ እንስሳው የሚውልበትን ቦታ መመርመር። የበረቱን ወለልና ግርግሙን በጨርቅ መጥረግ፣ ከዶሮ ቤት አቧራና ጉዝጓዝ መቆንጠር፣ ፍሳሽ መቅዳት፣ አየሩን በማጣሪያ መሳብ፣ ከብዙ ላሞች ከተጠራቀመ ወተት መጭለፍ። ከዚያ ላቦራቶሪ ወስዶ የቫይረስ ርዝራዥ መፈለግ። በዚህ ላይ አምስት ክስ ደርድረዋል። የታመመችውን ላም አይለይም፤ የሞተ ቫይረስ አግኝቶ ሰው ያስደነግጣል፤ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ገበሬውን መሰለል ነው፤ ገንዘቡም ለክትባት ቢውል ይሻላል። ሲጨርሱ ደግሞ፣ እሺ ይሁን ቢባልስ ከየት ይጀመራል ብለው ጠይቀዋል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአካባቢ ናሙና የታመመችው ላም የትኛዋ እንደሆነች አይናገርም። ልክ ነው፣ አይናገርም። ከወለል የተጠረገ ጨርቅ ቡሬ ትሁን ሻሾ አያውቅም። ግን የላሟን ስም ማን ጠየቀው? የተጠየቀው «እዚህ በረት ውስጥ ቫይረሱ ገብቷል ወይ?» ተብሎ ነው። ገብቷል ካለ፣ ያኔ ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ይግባና ቡሬን ከሻሾ ይለይ።

ደም ቀድቶ የማያውቅ ሰው ይህን ልዩነት ያቀለዋል። አንዲት ላም ደም እንድትሰጥ ሁለት ጎረምሳ፣ አንድ ጠንካራ ገመድና ብዙ ልመና ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ከአንድ ቀበሌ ሃያ ናሙና ልንሰበስብ ወጥተን ሰባት ይዘን ተመልሰናል። ባልደረባዬ የተረገጠው ጉልበቱ ክረምት በመጣ ቁጥር ቀኑን ያስታውሰዋል። አንዲት እናት ደግሞ ላማቸውን ከኋላቸው ከልለው፣ «ልጄ፣ ደሟን ቀድተህ ወተቷ ቢነጥፍ አንተ ትታለብልኛለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወለልዎን ልጥረግ ብላቸው ኖሮ መጥረጊያውን ራሳቸው ያቀብሉኝ ነበር።

የላሟን ስም ሳይጠይቁ ምን ያህል መሄድ እንደሚቻል ደግሞ አሜሪካኖቹ ሰሞኑን አሳይተውናል። በማርች 2024 በቴክሳስና በካንሳስ የወተት ላሞች ላይ ኤች5ኤን1 የሚባለው የወፍ ጉንፋን ተገኘ። ላም የወፍ ጉንፋን ይይዛታል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ገበሬዎቹ ያዩት ወተት ሲቀንስ፣ የሚታለበውም ወፍሮ እንደ እንገር ቢጫ ሲሆን ነው። በረቱ አካባቢ የሚውሉ ድመቶችም ሞቱ። ሲመረመር ቫይረሱ በብዛት የከተመው አፍንጫ ላይ ሳይሆን ጡት ውስጥ ነበር። ስለዚህ ወተቱ ራሱ መስታወት ሆነ።

በዲሴምበር 2024 የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር አገር አቀፍ የወተት ምርመራ አወጀ። ናሙናው የሚወሰደው ከላሟ አይደለም። ወተት ማቀነባበሪያው ደጅ ላይ፣ የብዙ እርባታ ወተት ከተቀላቀለበት ትልቅ ጋን ነው። በጃንዋሪ 2025 መጀመሪያ ኔቫዳ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ጋን የተቀዳ ናሙና ቫይረስ አሳየ። የወተቱን መንገድ ወደ ኋላ ተከትለው እርባታዎቹ ጋ ደረሱ። የቫይረሱን ዘር ሲያነቡት ዲ1.1 የሚባለው ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ቀን በላሞች ውስጥ ሲዞር የነበረው ግን ቢ3.13 ነበር። ስለዚህ ቫይረሱ ከወፍ ወደ ላም የተሻገረው አንዴ ብቻ አልነበረም። ብዙ ሰው እንደ ብርቅ አጋጣሚ ይቆጥረው የነበረ ነገር ተደግሟል። ይህን የተናገረው የወተት ጋን ነው። መጀመሪያ የታመመችው የኔቫዳ ላም የትኛዋ እንደነበረች እስካሁን አናውቅም። ማወቃችንም ምንም አይጨምርልንም።

በሰውም ላይ የተሠራበት ነገር ነው። በ2013 እስራኤል ውስጥ፣ ራሃት ከምትባለው የደቡብ ከተማ ፍሳሽ የፖሊዮ ቫይረስ ተገኘ። ሽባ የሆነ አንድም ልጅ አልነበረም። በዚያ ወረርሽኝ በኋላም አልነበረም። ፍሳሹ ስለተናገረ ግን በዚያው ክረምት አገሪቱ የፖሊዮ ጠብታ ዘመቻ ከፈተች። ቤርሳቤህ ያሉ ዘመዶቻችን፣ ልጆች የነበሯቸው፣ ያንን ጠብታ ሳያስታውሱት አይቀሩም። ዘመቻውን ለመክፈት የትኛው ልጅ ቫይረሱን እንደሚያወጣ በስም ማወቅ አላስፈለገም።

ሁለተኛው ክስ ላይ ጸሐፊው ጥሩ ማስረጃ ይዘው ነው የመጡት። በ2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከሱቅ የተገዙ 297 የወተት ተዋጽኦ ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ላይ የወፍ ጉንፋኑ ቫይረስ ርዝራዥ ተገኘ። በእንቁላል ውስጥ ለማራባት ሲሞከር ግን አንድም ሕይወት ያለው ቫይረስ አልወጣም። በሙቀት ሲዘጋጅ ሞቷል። እና፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ ይህን ማወጅ ሰውን በከንቱ ከማስደንገጥ በቀር ምን ጠቀመ?

መደንገጡ እውነት ነው። ያ ግን የአነጋገር ጥፋት እንጂ የናሙናው አይደለም። ፒሲአር የሚባለው ምርመራ የሚያየው የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ነው። ይኑር ይሙት አይለይም። ይህን መጀመሪያ ተናግሮ ውጤቱን ማስከተል ይቻል ነበር።

ዜናው ግን ባዶ አልነበረም። በዚያን ሰሞን በይፋ የተመዘገቡት የታመሙ መንጋዎች በመላ አገሪቱ ገና በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ከአምስት አንዱ ወተት ርዝራዥ ይዞ ከተገኘ፣ የተመዘገበው ቁጥር እውነተኛውን አይነግረንም ማለት ነው። በኋላ የተረጋገጠውም ይኸው ነው፤ የታመሙት መንጋዎች ቁጥር ከሺህ አለፈ፣ ትልቁን ድርሻ የያዘችውም ካሊፎርኒያ ሆነች። የሞተው ቫይረስ ያመለከተው ሕያው የሆነውን ነበር። ኮቴ አይነክስም፤ ጅብ እንዳለፈ ግን ይናገራል።

ሁልጊዜ ርዝራዥ ብቻ ይገኛል ማለትም አይደለም። በዚያችው ካሊፎርኒያ ቫይረሱ በገባባቸው የወተት እርባታዎች ተመራማሪዎች የማለቢያ ቤቱን አየርና የእርባታውን ፍሳሽ ናሙና ወስደው ነበር። ሕይወት ያለው ቫይረስም አግኝተዋል፤ አየሩ ላይም፣ ፍሳሹ ውስጥም። አላቢው ምን እንደሚተነፍስ የታወቀው አየሩን ስለመረመሩ ነው። ላሟን ብቻ ቢያዩ ኖሮ ያ ሰው አይታያቸውም ነበር።

እዚህ ጋ ጸሐፊው ሊያነሱት ይገባ የነበረና ያላነሱትን ነጥብ ላንሳላቸው፤ ለእኔ የሚከብደኝ ያ ነውና። ዶሮን ከፈንግል የምንከትብባቸው ክትባቶች፣ ላሶታም ሆነ ኤችቢ1፣ ሕያው ቫይረስ ናቸው። የተከተበች ዶሮ ክትባቱን ራሱን ከኩሷ ጋር ታወጣለች። እንግዲህ ጉዝጓዙን ቆንጥሬ ላቦራቶሪ ብወስድና «የፈንግል ቫይረስ አለ» ብባል ምን አወቅሁ? ምናልባት ባለፈው ሳምንት የከተብኩትን። ገዳዩን ዝርያ ከክትባቱ ለመለየት ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቃል። የክትባቱን ቀን ሳይመዘግብ ናሙና የሚወስድ ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል።

ሦስተኛው ክስ፣ ቅንጦት ነው የሚለው፣ ብዙ አያቆየንም። ዘዴው በደሃ አገር በረት ውስጥ ተሞክሯል። ኔፓል ውስጥ፣ ካትማንዱ ሸለቆ፣ ጥቂት ከብት ያላቸው ሰዎች ቤት ገብተው ወለሉንና መመገቢያውን በጨርቅ ጠረጉት። የከብትን አፍና እግር የሚያቆስለውን የአፍተግር ቫይረስ አገኙ። ጠራጊው የእንስሳት ሐኪም መሆን አላስፈለገውም። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ ኬንያ አለች። ናኩሩ አካባቢ ጥቃቅን ገበሬዎች ወተታቸውን ከሚያጠራቅሙበት መሰብሰቢያ ናሙና ተወስዶ አፍተግር ታይቶበታል። ናኩሩ ኔቫዳ አይደለችም።

ላቦራቶሪ የለንም የሚለውም ተጋኗል። ሰበታ ላይ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ፒሲአር ይሠራል። ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ አሰላ፣ በደሌና ሶዶ የክልል የእንስሳት ላቦራቶሪዎች አሉ። የሚያልቀው ኬሚካሉ ነው፤ እሱ በዶላር ይገዛል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላሉትን እኔ ልበል፤ ኬሚካል ስለሌለው ብቻ ሽፋን ለብሶ የሚቀመጥ ማሽን አይቻለሁ። በዓይኔ። ግን ይህ የደም ናሙናንም የሚያቆም ችግር ነው። ኬሚካል ውድ ከሆነ ደግሞ፣ ሃያ ደም ለየብቻ ከመመርመር ሃያ ላም የረገጠችውን አንድ ጨርቅ መመርመር ነው የሚረክሰው።

አራተኛው ክስ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ወለሉ ከተናገረ የሚቀጣው ባለ ወለሉ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው በሩን ይዘጋል።

ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የወፍ ጉንፋን የገባበት የዶሮ እርባታ ዶሮዎቹ በሙሉ ይገደላሉ፣ መንግሥት ግን ካሳ ይከፍላል። ላሞቹ አይገደሉም፤ ለቀነሰው ወተት ባለቤቱ ከጠፋበት ገቢ 90 በመቶውን የሚያገኝበት አሠራር ከ2024 ጀምሮ አለ። እንዲያም ሆኖ በገዛ ፈቃድ የጋን ወተትን ማስመርመር ብዙ ሰው አልሳበም። ኮሎራዶ በጁላይ 2024 በየሳምንቱ መመርመርን ግዴታ አደረገች። ካሳ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ሦስት ሺህ እንቁላል ጣይ ዶሮ በባንክ ብድር ያስገባ የቢሾፍቱ ወጣት «ኑ ጥረጉልኝ» ይለኛል ብዬ አልጠብቅም።

ፍርሃቱ ደግሞ የግለሰብ ብቻ አይደለም፣ አገርም ይፈራል። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው፣ እንስሳንም ሰውንም የሚይዘው የቫይረስ በሽታ ሳዑዲና የመን ገባ። ከአፍሪካ ውጭ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሳዑዲ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣውን የቁም እንስሳ ዘጋች። ጂጂጋና ቦረና በግና ፍየል አርብቶ የሚያድር ሰው ያን ጊዜ የከፈለው ዋጋ ከማንም ማስታወሻ ውስጥ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ «ቫይረስ ተገኘ» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም የሚወድ ባለሥልጣን የለም።

እንዲያም ሆኖ ከክሱ መደምደሚያ ጋር አልሄድም። ጸሐፊው ገበሬው ስለሚፈራ አትመርምሩ ይላሉ። እኔ ደግሞ ገበሬው የማይፈራበት ቦታ ላይ መርምሩ እላለሁ። የተቀላቀለ ናሙና የማንም ስም የለበትም። ከወተት መሰብሰቢያ የተጨለፈ ወተት የአቶ እከሌ አይደለም፤ የቀበሌው ነው። ከዶሮ ገበያ መሬት የተጠረገ ጨርቅም እንደዚያው። መጀመሪያ ላይ የማይለይ መሆኑ እንደ ድክመት ተቆጥሮበት ነበር። እዚህ ጋ ያው ድክመት ጋሻ ይሆናል።

ደግሞ ገበሬና አርብቶ አደር ሁልጊዜ በሽታ ይደብቃል የሚለው ግምት ከታሪካችን ጋር አይሄድም። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ፣ በክፉ ቀን ዘመን አገር ያራቆተው፣ በ2011 ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ከመጨረሻዎቹ አስቸጋሪ ቦታዎች አንዱ አፋር ነበር። እዚያ ሥራውን የጨረሱት ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የሠለጠኑ ከታቢዎች ናቸው፣ ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው። ሪፖርቱም የመጣው ከእነሱ ነው። ያመጡት ደግሞ ተከትሎ የሚመጣው ክትባት እንጂ ቅጣት እንዳልሆነ ስላዩ ነው።

ይህ ወደ አምስተኛው ክስ ይወስደኛል። ለክትትል የሚወጣው ገንዘብ ለክትባት ይዋል የሚለው ነጥብ ሲሰሙት ጆሮ ይገባል፤ ማን ክትባትን ይቃወማል? አፍተግርን ግን እንውሰድ። ቫይረሱ አንድ አይደለም። ሰባት ዓይነት አለው። አንዱን የታመመ ወይም ለአንዱ የተከተበ ከብት ከሌላው አይጠበቅም። እኛ አገር ኦ፣ ኤ እና ሳት2 የሚባሉት ሲዘዋወሩ ኖረዋል። በአንዱ ዓይነት ውስጥ እንኳ ዝርያዎቹ ተራርቀው ክትባቱ በደንብ የማይሠራበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ቢሾፍቱ ያለው የብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ክትባት ያመርታል። የትኛውን ዓይነት፣ ከየትኛው ዝርያ፣ ለየትኛው አካባቢ ያምርት? ይህን የሚነግረው ክትትል ነው። ዘንድሮ በአንድ ዞን የሚዞረው ሳት2 ሆኖ እኛ ለኦ ከከተብን፣ መርፌው ተወግቷል፣ ሪፖርቱ ተጽፏል፣ ከብቱ ግን ታሟል። ገበሬው ደግሞ የሚያስታውሰው «ክትባታቸው አይሠራም» የሚለውን ነው። የሚቀጥለው ዓመት ላሙን ይዞ አይወጣም። አገሪቱ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት አላት። ሁሉንም በሁሉም ዓይነት በየስድስት ወሩ መከተብ የሚችል በጀት የትም የለም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው፣ ለመምረጥ ደግሞ ማወቅ።

ታማሚ እስኪታይ ጠብቆ ከቁስሉ ናሙና መውሰድስ አይበቃም ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከቁስል የተወሰደ ናሙና የሚወዳደረው የለም። ግን አፍተግር የያዘው ከብት አፉ ከመቁሰሉ ቀደም ብሎ ቫይረሱን በምራቁና በወተቱ መርጨት ይጀምራል። ለሐጩ የሚንጠባጠብ ከብት ባየንበት ቀን ገበያው አልፏል። የእኛ ሪፖርት ከወረዳ ወጥቶ ሰው እስኪልክ ደግሞ ቁስሉም ይድናል። ወለሉና ግርግሙ ግን ቫይረሱ ካለፈም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ምስክር ሆነው ይቆያሉ። ጥላና እርጥበት ካለ ይረዝማል፤ ፀሐይ ካገኘው ቶሎ ይጠፋል።

ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ላይ በሌላ መንገድ ቢመጡ ይረቱኝ ነበር። ለሁሉም በሽታ የሚሆን ዘዴ አይደለም ቢሉ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በትንኝ ነው የሚዛመተው። የከብትን ቆዳ የሚያሳብጠው ጉርብርብም በዋናነት በሚነክሱ ነፍሳት ነው። ለእነዚህ በረት ብትጠርግ ንጹህ በረት ነው የምታተርፈው። ሌላም አለ። «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። አንድ ጨርቅ፣ አንድ ጊዜ፣ በበጋ ፀሐይ ከደረቀ ወለል ተጠርጎ ነጻ ነው የሚል ወረቀት መስጠት ማጭበርበር ነው። ደጋግሞ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት አጠራረግ ካልተሠራ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። በአውሮፓ ለሳልሞኔላ የሚደረገውን ልብ ይሏል። ሳልሞኔላ ባክቴሪያ ነው፣ ሥርዓቱ ግን ትምህርት ነው። ጫማ ላይ የጨርቅ ሽፋን አጥልቆ ዶሮ ቤቱን መዞር፣ ለሥጋ ዶሮ ለምሳሌ ቢያንስ ሁለት ጥንድ፣ አወሳሰዱም በሕግ የተጻፈ። 

ከየት ይጀመር ላሉት፣ እኔ ብጠየቅ ከሰላሌ ወተት መሰብሰቢያዎች ነው የምጀምረው። ገበሬው ገና ሳይነጋ ጀሪካኑን ይዞ ይመጣል። ወተቱ እንደሁ ሁሌም ይመረመራል፤ ውኃ ተቀላቅሎበት እንደሆነ መለኪያው ይነከርበታል፣ ጎምዝዞ እንደሆነ በአልኮል ይፈተናል። ተቀባይዋ ጭልፋዋን ይዛ እዚያው ቆማለች። የሁሉም ወተት ትልቁ ጋን ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዚያው ጭልፋ አንዲት ብልቃጥ ትሞላ። በላይዋ የመሰብሰቢያው ስምና ቀኑ ይጻፍ። የማንም ሰው ስም አይጻፍ። ብልቃጧ ወደ ሰበታ ትሂድ። የተረፈውን አዲስ አበባ ይጠጣው፤ አፍልቶ።